ፈረንሳይዋ፣ ጀርመኗ እና የአጎቴ ቅቤ

የዛሬ ልጆች በእንግሊዝ አገር ኳስ ሲደባደቡ አይቶ ከሚገረም ሽማግሌ አትቁጠሩኝ። እኔ አልገረምም። እኛም እኮ ባሕር ማዶ ባሉ፣ መፈጠራችንን እንኳ በማያውቁ ሁለት የመኪና ፋብሪካዎች ተጣልተናል፤ ያውም አሰላ ቁጭ ብለን። የኳሱ ጠብ ፊሽካ ሲነፋ ያበቃል። የእኛን ፊሽካ ግን የሚነፋ አልነበረም፤ እኔም ምን እንዳሳጣኝ ዛሬ ካልነገርኳችሁ ሆዴ ውስጥ ሊቀር ነው።

የፋብሪካዎቹን ስም አልጠራም። አሰላ ውስጥ ስማቸው ሲነሳ ከዘራውን ይዞ ብድግ የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ የእኔ ጉልበት ደግሞ ለሩጫ አይሆንም። አንዷን ፈረንሳይዋ፣ ሌላዋን ጀርመኗ እንላቸው ስለነበር በዚያው ልቀጥል።

ጊዜው ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። ከናዝሬት አሰላ የሚያመጣው መንገድ ፒስታ ነበር፤ በበጋ አቧራውን ትበላለህ፣ በክረምት ጭቃው ይበላሃል። እኔ በዚያ መንገድ ሰው የማመላልስባት ፈረንሳይ ነበረችኝ። ነበረችኝ ስል ግማሿ የአጎቴ የጋሽ ገመቹ ናት። ጋሽ ገመቹ በጭላሎ ግርጌ በፈረስ ግልቢያ የማያውቃቸው የለም፤ መኪናዋ ስትገዛ ፈረሶቻቸውን ሸጠው ስለነበር ለፈረስ የነበራቸውን ፍቅር ጠቅልለው ለእሷ ሰጧት። ቡላ ብለው የፈረስ ስም አወጡላት። ከናዝሬት ስመለስ ኮፈኗን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው «ትኩሳት አላት፤ ዛሬ አታውጣት» ይሉኛል። አብረውኝ ሲሳፈሩ ደግሞ ዳገት ላይ ወደ ፊት ጎንበስ ይላሉ፤ ሸክሙ ይቀላታል ብለው ነው። መጀመሪያ እስቅባቸው ነበር። በኋላ እኔም ጎንበስ ማለት ጀመርኩ።

የጀርመኗ ጌታ ሐጂ ሁሴን ይባላሉ፤ እህል፣ ቅቤና የቤት መሥሪያ ዕቃ የሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ የነበራቸው፣ ቀልዳቸው ከፊታቸው የማይታወቅ ሰው ናቸው። ሲቀልዱም ሲቆጡም አንድ ዓይነት ፊት ነው ያላቸው። ይህን ፊታቸውን አደራ አስታውሱልኝ፤ እኔ ያኔ አላስታወስኩም።

ጠቡ የሚካሄደው ጎሚስታው ቤት ነበር። ጎሚስታው ሬዲዮ ስለነበረው ጎማህ ባይተነፍስም ወሬ ፍለጋ እሱ ጋ ትሄዳለህ። የሆነ አገር ላይ ሁለቱ መኪኖች ተወዳደሩ ከተባለ በማግስቱ አሰላ ለሁለት ትከፈላለች። ጀርመኗ የቀናት ቀን ሐጂ ጡሩምባቸውን ሳያቋርጡ እየነፉ በፌርማታዬ ያልፋሉ። ፈረንሳይዋ የቀናት ቀን ደግሞ እኔ በሱቃቸው በር ላይ ቆሜ ሞተሬን አስጮሃለሁ። የጀርመን ወገን ዋና መመኪያ ውሃ ነበር። «የእኛዋ ውሃ አትጠጣም!» ይላሉ። ሞተሯ በነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ከዴራ ቆላ ተነስታ የኢተያን ዳገት ስትወጣ ማንንም ውሃ አትለምንም። የእኔዋ ትለምናለች፤ አልክድም። እኛ ደግሞ የምንመልሰው አጎቴ ባወጡት ክርክር ነው። «ሞተር ከኋላ፣ ሻንጣ ከፊት! ጡቷ አንገቷ ላይ የበቀለ ላም አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላሉ ጋሽ ገመቹ፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ለእርሻ ሥራ የመጡት ስዊድኖችም የአገራቸውን መኪና ይዘው መጥተው ነበር፤ ጠንካራ መኪና ናት፤ ግን አንድም ደጋፊ አላገኘችም። ጠላት የሌላትን መኪና ማን ይደግፋታል?

በሐጂ በር ላይ ሞተር ማስጮሄ ግን ለፈረንሳይ ክብር ብቻ አልነበረም። ሱቁ ውስጥ ልጃቸው ዘምዘም ነበረች። እሷን ለማየት ሰበብ ያስፈልገኛል፤ እህልና ቅቤ አጎቴ ቤት ሞልቷል፤ ስለዚህ ሚስማር እገዛ ነበር። ክፍሌ ሚስማር በሚስማር ሆነ። አንድ ቀን እየመዘነችልኝ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄ ሁሉ ሚስማር ምን ያደርግልሃል?»

«ቤት እየሠራሁ ነው» አልኩ። ውሸቴን ነው።

«ጣውላ ስትገዛ አላየሁህም። ቤቱ በሚስማር ብቻ ነው የሚቆመው?» አለችና ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሲያልቅስ ማን ሊገባበት ነው?» አለችኝ።

ሚስማሩን ረስቼ ወጣሁ። እንግዲህ ይህን ያለች ልጅ እምቢ እንደማትል የሚገባው ሰው ሁሉ ይገባዋል። የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነው። እኔ ግን ሽማግሌ ከመላኬ በፊት አባቷን አቧራ አለበስኳቸው።

እንዲህ ነው የሆነው። ከናዝሬት ሰው ጭኜ ስመለስ ዴራ ሜዳ ላይ ጀርመኗን ከፊቴ አየኋት። ብቻዬን ብሆን ኖሮ እመኑኝ፣ አላደርገውም ነበር። ተሳፋሪዎቹ ግን «በላት! በላት!» ብለው ተነሱ። ከኋላ የተቀመጠች እርጉዝ ሴት እንኳ፣ ቀስ በል ልትለኝ የሚገባት፣ ወንበሬን በጡጫ ትመታለች። በልቻት አለፍኩ። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ መኪናዋ የለችም፤ አቧራ ብቻ። ሐጂ አሰላ ሲደርሱ ከመኪናቸው ወርደው ሽፋሽፍታቸው ነጥቶ ወደ እኔ መጡ። «ወዓለይኩም ሰላም» አሉኝ። እኔ እኮ ሰላምታ አልሰጠኋቸውም ነበር። ያላቀረብኩትን ሰላምታ መልሰውልኝ ገቡ።

በሳምንቱ ሽማግሌ ላክሁ። ይህንን ነው እንግዲህ ጭንቅላት ብዬ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ የምዞረው።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አጎቴ ነበሩ። ሐጂ በክብር ተቀበሏቸው፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ነገሩ ቀረበ። ሐጂ በዚያው በማይታወቀው ፊታቸው «በሚመጣው ወር ከአዲስ አበባ የተነሳ የመኪና ውድድር በከተማችን ያልፋል አሉ። የልጁ ፈረንሳይ የእኔን ጀርመን ከቀደመች ያኔ ተመልሳችሁ ኑ፤ እንነጋገራለን» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አጎቴ አልሳቁም። ቤት መጥተው ሲነግሩኝ እኔም አልሳቅኩም።

«በግልቢያ ጠየቀን» አሉ አጎቴ ደረታቸውን ነፍተው። «በግልቢያ የተጠየቀ አርሲ ወደ ኋላ አይልም።»

«የምንጋልበው እኮ እኛ አይደለንም ጋሼ» አልኳቸው።

«ዘሩ አንድ ነው!» አሉ። የፈረንሳይ መኪና ሁሉ ከቡላ የተወለደ ይመስላቸው ነበር።

እስከ ውድድሩ ድረስ እንቅልፍ አጣሁ። ዘምዘምን የማገኘውም የማጣውም በአንድ ስሙን በማላውቀው ፈረንጅ እግር ነበር፤ ቤንዚን መርገጫው ላይ ባለው እግሩ። አጎቴ ግን የሚያሳስባቸው ሌላ ነገር ሆነ። «ይሄ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ለእኛ ጉዳይ እየመጣ ነው» አሉኝ አንድ ጠዋት። «ወተት ሳይቀምስ በደጃችን ይለፍ?»

«ጋሼ፣ ውድድር ላይ ነው፤ አይቆምም። ሲጨርስ ይጠጣል።»

«ሲጨርስማ ባሌ ነው ያለው። ባሌ ላይ ማን ያውቀዋል?»

ነገሩን እንዲያው ከመንገድ ዳር የወተት ጮጮ ከፍ አድርገው የሚያሳዩ መስሎኝ ተውኩት። አዛውንት ወተት ይዘው ቢቆሙ ማንን ይጎዳሉ ብዬ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ገበያው ተፈታ፣ ከሲሬ ሳይቀር ሰው በእግርና በበቅሎ መጣ። የመንገዱ ግራ የጀርመን፣ ቀኙ የፈረንሳይ ሆነ፤ ማንም ሳያዝ ነው የተለየነው። ሐጂ ሁሴን ከግራ ነጭ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆመዋል። ዘምዘም ከሱቁ በረንዳ ላይ ታየችኝ። አጎቴ ግን የሉም። «ቀደም ብለው ከከተማው መግቢያ ዳገቱ ጋ ሄደዋል» አሉኝ። «ከእነማን ጋር?» ስል «ከድሮ የግልቢያ ጓደኞቻቸው፣ ከፈረሰኞቹ ጋር» አሉኝ። ዳገቱ ድረስ ሮጥኩ።

ስደርስ አቧራ እያስነሳች የምትመጣ መኪና ታየች። ፈረንሳይ! ከሁሉ ቀድማ! ሰው በደስታ አበደ፤ እኔም ከዘምዘም ወልጄ ከብጄ ልጆቼን በዓይኔ አየኋቸው። ያኔ አጎቴ እጃቸውን አነሱ። ፈረሰኞቹ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘጉት።

ፈረንጁ አደጋ የተፈጠረ መስሎት ፍሬኑን ረግጦ ቆመ። ከጎኑ ካርታ የሚያነብለት አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር፤ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «አባቶቼ፣ ምን ሆናችሁ? የሞተ ሰው አለ?»

«አላህ ይጠብቀን! የሞተ የለም» አሉ አጎቴ፤ ጮጮውን በሁለት እጃቸው ይዘው። «እንግዳ ናችሁ። ጠጡ።»

«አባባ፣ ሰዓት እየተቆጠረብን ነው!»

«ሰዓት የአላህ ነው፤ ጠጣ ልጄ።»

እኔ «ጋሼ ልቀቋቸው! ጋሼ!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ፈረንጁ ቶሎ ጠጥቶ መገላገሉ እንደሚሻል ገባው መሰለኝ፣ ጮጮውን ተቀብሎ ጨለጠው። ይህ ስህተት ነበር። እንዲህ አድርጎ የጠጣ እንግዳ ሳይመረቅ አይሄድማ። ምርቃት ተጀመረ። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። አጎቴ ሲጨርሱ ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ ጀመሩ፤ የእሳቸው ሲያልቅ ከሲሬ የመጡት ቀጠሉ። ያን ያህል መንገድ የመጣን ሽማግሌ ማን ይዘላል? «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» ይላሉ መንገዱን እንደዘጉ። የአዲስ አበባው ልጅ ለቅሶ በተናነቀው ድምፅ «አሚን፣ አሚን፣ አሚን» ይላል፤ ብዙ አሚን ካለ ቶሎ የሚያልቅ መስሎታል። ለከብቱም፣ ለዝናቡም፣ ለገብሱም ተመረቀ።

ምርቃቱ አለቀ ስል አጎቴ ከኮባ ቅጠል ውስጥ ለጋ ቅቤ አወጡ። በእኛ ዘንድ ያከበሩትን ሰው ግንባሩን ቅቤ ይቀቡታል። መኪናዋም ልትከበር ነው። ነገር ግን የመኪና ግንባር የቱ ጋ ነው? እዚያው ሸንጎ ተቀመጡ። አንዱ ሽማግሌ «መብራቶቹ ዓይኖቿ ናቸው፤ ግንባሯ ኮፈኑ ነው» አሉ። የሲሬው «የለም፣ ፊት ማለት መስታወቱ ነው፤ ሰዎቹ የሚያዩት በእሱ ነው» ብለው ተከራከሩ። አጎቴ ማንንም ላለማስቀየም ሁለቱንም ቀቡ። ጥሩ አድርገው፣ እጃቸው ሳይሰስት።

ፈረንጁ የመስታወት መጥረጊያውን አስነሳ። ቅቤው ከዴራ አቧራ ጋር ተለወሰና መስታወቱ የተመረገ ግድግዳ ሆነ። በዚህ መሐል ነው ጀርመኗ የመጣችው። ፈረሰኞቹ እሷን አላስቆሟት፤ ለጠላት ወተት አልተዘጋጀማ። ዳር ይዛ በተከፈተላት መንገድ ሽው ብላ አለፈች። የግራው ወገን ጩኸት ጭላሎን አናጋው።

ሐጂ ሁሴን ግን አልጮኹም። እየሮጡ መጡና ፎጣቸውን ከትከሻቸው መንጭቀው መስታወቱን መጥረግ ጀመሩ። «አመድ! አመድ አምጡ! ምን ታያላችሁ?» እያሉ ይጮኻሉ። ቅቤው ጭራሽ ተዘረጋ። እኔ ደግሞ ድል አድርገው ሊያላግጡብኝ የመጡ መሰለኝና «ይተዉት ሐጂ፤ አሸንፈዋል» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና መጥረጋቸውን ቀጠሉ። ፈረንጁ በመጨረሻ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ እየነዳ ወደ በቆጂ ሄደ። ራሱ እንደዚያ ውጭ እንዳለ ኩርባው ላይ ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ጎሚስታው ቤት ሬዲዮኑ ውጤቱን ተናገረ። ያሸነፈችው አሰላ ውስጥ ስሟን እንኳ ጠርተን የማናውቅ የጃፓን መኪና ናት። ያን ሁሉ ዓመት የተጣላነው ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ የደፈረ አልነበረም። ጀርመኗ ከመሐል፣ ፈረንሳይዋ ከጀርመኗ በታች ገብታለች። ለእኔ ይህ ይበቃኛል። ተሸንፌያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ውርደት ነው። ከተማው አጎቴን «ቅቤው» አላቸው። ያ ሁሉ ሰው ሲጠራው የኖረ የፈረሰኛ ስም በአንድ ጠዋት ቀለጠ። እሳቸውም በሐጂ ደጅ ማለፍ ትተው ወደ መስጊድ የሚሄዱት በጓሮ ዞረው ሆነ። «በየትኛው ፊቴ ተመልሼ ልጅህን ስጠን ልበለው?» ይሉኛል። እኔም አልገፋኋቸውም፤ በቃል የተሸነፍን ሰዎች ነንና። ሚስማር መግዛትም ተውኩ።

አንድ ጊዜ ብቻ ዘምዘምን ገበያ መሐል አገኘኋት። «ጋሽ ገመቹ ደህና ናቸው?» አለችኝ። ጥቂት ቆይታ «ወደ እኛ መምጣት ተዉ እኮ» አለች።

ተሳለቀችብኝ ብዬ ደሜ ፈላ። «ቅቤያቸው አልቋል» አልኳትና ጥያት ሄድኩ። ዞሬ እንኳ አላየኋትም። እንዴት ያለ ኩሩ ሰው ነበርኩ መሰላችሁ!

አዝመራው ሲሰበሰብ ለአንድ የአርቦዬ ከተማ ነጋዴ ተዳረች። መኪና ያለው ሰው እንዳይመስላችሁ፤ በቅሎ ነበር ያለው። ሐጂ ጀርመኗን ለሙሽሮቹ ስጦታ ሰጧቸውና እሳቸው ያለ መኪና ቀሩ። በዚህ የተነሳ ነው አንድ ማለዳ ናዝሬት ሊሄዱ ወደ እኔ ፌርማታ የመጡት። ተሳፋሪ ሁሉ እየሳቀ ቦታ ለቀቀላቸው፤ ከፊት፣ ከጎኔ ተቀመጡ። ኢተያን አለፍን።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ በመጨረሻ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጄን ምን አየህባት?»

«እኔ?» አልኩ መሪውን ጨብጬ።

«ሽማግሌ ልከህ ጠፋህ። ሰው ሰማ፣ ከተማው ሰማ፣ አንተ ጠፋህ። ነውር አገኘባት ወይ እያለች እናቷ ስታለቅስ ከረመች።»

«ሐጂ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ፈረንሳይ ከቀደመች ያሉት? ተሸነፍኩ አይደለም እንዴ?»

ዞረው አዩኝ። ያ የማይታወቅ ፊታቸው ያን ቀን ታወቀ፤ እውነተኛ ድንጋጤ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ሽማግሌ በመጣ በመጀመሪያው ቀን እሺ ብሎ ልጁን የሚሰጥ አባት የት አገር አለ? አንድ ነገር ብዬ መመለስ አለብኝ፤ ተመልሰው እንዲመጡ። ለአንተ የሚጥምህ መስሎኝ መኪናውን አነሳሁ። የአርቦዬውን ሰው ዝናቡ ይግባ አልኩት። ዝናቡን ጠበቀ? በሳምንቱ ተመልሶ ደጄን መታ! እኛ ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ… የሴት ልጅ አባት ወጥቶ ኑ ውሰዱልኝ አይል ነገር።»

ፊታቸውን ወደ መንገዱ መልሰው «እሷም ጠብቃ ነበር» አሉ። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ወሬያቸውን ያቆሙ መሰለኝ።

አጎቴ አፍረው፣ እኔ ኮርቼ፣ ሁለታችንም አንድ የተለመደ የሽምግልና ቃል እንደ ውል ቆጥረን፣ በእሱ ላይ ፈረስና ቅቤና ፈረንጅ አስነስተን ልጅቷን ጣልናት። እንዳለቅስ ተሳፋሪ አለ፤ እንዳቆም ገደል ነው። ነዳሁ።

ዴራ ሜዳ ላይ ስንደርስ ሐጂ ወንበሩ ላይ ተመቻችተው ተደገፉ። ሊያጽናኑኝ ፈልገው ነው መሰለኝ፣ ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት።

«እውነቱን ልንገርህ?» አሉኝ። «ድሮም አውቀዋለሁ። ከእኔዋ ይህቺ ትሻላለች።»

ይህን ቃል ከሐጂ ሁሴን አፍ ለመስማት ስንት ዓመት ጎሚስታው ቤት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተከራክሬያለሁ። ያን ቀን ሰማሁት፤ «አላህ ይስጥልኝ» አልኳቸውና፣ ዓይኔ እንባ ያቀረረው በዴራ አቧራ እንዲመስላቸው መስኮቱን ዘጋሁት።